ቆጋ ላይ በታኅሣሥ ዓሣ ለማጥመድ ላሰብከው ወንድሜ

ወንድሜ፣ «የዓመት ፈቃዴን በታኅሣሥ ወስጄ ቆጋ ግድብ ላይ በመንጠቆ ዓሣ ማጥመድ አምሮኛል፤ ብርዱ ዓሣውን ያደነዝዘዋል የሚባለው እውነት ነው? ትራውት የሚሉት ዓሣስ እዚያ ይገኛል?» ብለህ የጠየቅከውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የመለሱልህ ሰዎች ግማሾቹ «ጣና አፍንጫህ ሥር እያለልህ ቆጋ ምን ወሰደህ?» ብለው አልፈዋል። የቀሩት ስለ መንጠቆ ቁጥር ተጨቃጭቀዋል። ገንዘብህንም አንጀትህንም የሚያሳርረውን ነገር የነገረህ ግን የለም። እኔ ከግድቡ አጠገብ ባለችው መራዊ ዘጠኝ ዓመት አስተምሬአለሁ፤ በስድስቱ ዓመታት ታኅሣሥና ጥር ሲመጣ ቅዳሜና እሑድ የት እንደምውል ባለቤቴ መጠየቅ ትታ ነበር። ስለዚህ በተራ በተራ ልጻፍልህ።

1. ትራውቱን እርሳው። ትራውት በአገራችን አለ፤ ያለው ግን ባሌ ነው፣ በዌብ፣ በዳንካና በሻያ ወንዞች። እዚያም ቢሆን ከኬንያ መጥቶ የተጨመረ እንግዳ ነው። ብርድ ይወዳል፤ ግን ብርድ ብቻ አይበቃውም፤ ጥርት ብሎ የሚፈስ ውኃ ይፈልጋል፣ እንቁላሉንም የሚቀብረው በጠጠር ውስጥ ነው። ቆጋ የተኛ ውኃ ነው፣ ሥሩም ጭቃ። የምታገኘው ቆሮሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ ነው። «ከቆጋ ትራውት አወጣሁ» ብሎ ፎቶግራፍ የሚያሳይህ ሰው ካለ የያዘው ነጭ ዓሣ ነው፤ አጥንቱ ጉሮሮው ላይ ሲሰነቀር ራሱ ይገባዋል።

2. ማለዳ አትነሣ። ይህን ስጽፍ ያኔ የነበርኩት ሰው ያሳዝነኛል። የመጀመሪያው ዓመት ጎሕ ሳይቀድ፣ በጋቢ ላይ ጋቢ ደርቤ፣ ውርጩ ሣሩን ጨው የተነሰነሰበት አስመስሎት እያለ እደርስ ነበር። ዓሣ አጥማጅ ማለዳ ይነሣል ሲባል ሰምቼ ነዋ! ከመንጠቆው ገመድ ጋር ታስሮ የሚንሳፈፈው ቡሽ ውኃው ላይ ተተክሎ ይቀራል፤ ንቅንቅ የለም። ቆጋ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2000 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ በታኅሣሥ ሌሊት ውኃው ይበርዳል፣ ቆሮሶ ደግሞ ሙቀት ወዳድ ነው፣ ሲበርደው አፉን ዘግቶ ይቀመጣል። አንድ እረኛ ልጅ ነው የገላገለኝ። «ጋሼ፣ ዓሣውም እንደኛ ፀሐይ ሲሞቅ ነው የሚነሣው» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ቁርሴን በልቼ፣ ቡናዬን ጠጥቼ፣ ከረፋዱ 5 ሰዓት በኋላ ነው የምደርሰው። ከ6 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ድረስ ጥልቀቱ ከወገብ በማይበልጥ፣ ፀሐይ ባሞቀው ዳር ላይ ቀጭን የምድር ትል በትንሽ መንጠቆ ጣል፤ ቡሹ ሲንቀጠቀጥ ሳይሆን ተኝቶ መሄድ ሲጀምር ሳብ። ዘንግ ከከተማ አትግዛ፤ የእንጅባራ ቀርቀሃ ቀጥ ያለውን መርጠህ ሁለት ሳምንት ጥላ ውስጥ ካደረቅከው ከፋብሪካው አይተናነስም።

አምባዛ ሌላ ነው። አምባዛ የሌሊት ሰው ነው፤ የዶሮ አንጀት ካገኘ ብርድም አያስቆመው። ግን በገና ጾም መካከል መራዊ ውስጥ የዶሮ አንጀት ከየት ይመጣል? ሥጋ ቤቱ ተዘግቶ፣ ዶሮው ሁሉ ለበዓሉ እየተቀለበ! እኔ ከፍግ ክምር ሥር እንደ ጣት የሚወፍረውን ትል እየቆፈርኩ ነው ያለፍኩት።

3. ውኃው የሰው ነው። ዋናው ነገር ይህ ነው፤ ሌላውን ሁሉ ብትዘልል ይህን አንብብ። ጣና ላይ ያደገ ሰው ሐይቅ ማለት ክረምት የሚሞላ፣ በጋ ቀስ ብሎ የሚጎድል የእግዜር ነገር ይመስለዋል። (ጣናም ቢሆን ዓባይ የሚወጣበትን የሚቆጣጠሩት የጨራጨራ በሮች በ1988 ዓ.ም. ከተሠሩ ወዲህ የሰው እጅ አለበት፤ በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ውኃውን ወደ በለስ የሚወስደው ዋሻ ተጨመረበት። ግን ጣና ሰፊ ነው፣ ይሸፍንልሃል።) ቆጋ 83 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ የሚይዝ፣ ወደ 7000 ሄክታር እርሻ ለማጠጣት የተሠራ ግድብ ነው። የተሠራው ለስንዴ፣ ለሽንኩርትና ለድንች እንጂ ለእኔና ለአንተ መንጠቆ አይደለም። በሮቹ የሚከፈቱት ስንዴው ሲጠማ ነው። ስንዴው የሚጠማው ደግሞ አንተ ፈቃድ ወስደህ በምትመጣበት በዚያው ወራት ነው።

ይህን በቃል አውቀው ነበር፤ በኪሴ ያወቅኩት በሁለተኛው ዓመት ነው።

በማኅበር ተደራጅተው ፈቃድ ካወጡ ወጣቶች ጋር ተስማምቼ (ለንግድ በመረብ ለማጥመድ ፈቃድ ግድ ነው፤ አዋጅ ቁጥር 315/1995 ወጥቶበታል፣ በዚህ አትቀልድ) የራሴን መረብ ገዛሁ። የሁለት ወር ደመወዜ ነበር። ታንኳ ደግሞ ከባሕር ዳር አስመጣሁ፤ ገና አረንጓዴነቱ ያልጠፋ፣ ጠረኑ የሚያውድ የደንገል ታንኳ። የሚኒባሱ ረዳት ጣሪያ ላይ ጭኖ የሦስት ሰው አስከፈለኝ፤ «አንዱ ሰው አንገቱን አውጥቷል» እያለ ሲስቅብኝ መራዊ ደረስን። ስሌቴ ቀላል ነበር፤ የገና ጾም እስኪፈታ ድረስ ዓሣ ይፈለጋል፣ ዋጋው ይወጣል፣ መረቡ በአንድ ወር ራሱን ይከፍላል። ታኅሣሥ 16 አመሻሹ ላይ መረቡን አንድ ሰርጥ ውስጥ በሁለት የዛፍ ጉቶዎች መካከል ዘረጋሁ። የባሕር ዛፍ ካስማ ዳሩ ላይ ተከልኩ፣ ታንኳዋን አሰርኩ፣ ጠዋት እመለሳለሁ ብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ሌሊቱን ስልክ ተደወለ። ደጀን ያለችው አክስቴ አርፋለች። ቀብር፣ ሠልስት፣ ከዚያ የንብረት ነገር፣ ከዚያ ገና ደረሰ፣ ከገና ማግስት የፈተና ወረቀት ማረም። ወጣቶቹን «መረቧን አውጡልኝ» ብዬ ልደውል አስቤ ነበር፤ አልደወልኩም። ለምን እንዳልደወልኩ እውነቱን ልንገርህ? የተያዘው ዓሣ ብዙ ከሆነ እንዳያካፍሉኝ ፈርቼ ነው። ይኸው ተናዘዝኩ።

በ18ኛው ቀን ስመለስ ሰርጡ የለም። ውኃው ቁልቁል የወረደው ከጉልበቴ አይበልጥም፤ ግን ዳሩ እንደ ሰፌድ የተዘረጋ ሜዳ ስለሆነ በእርምጃ ስለካው ሰባ ያህል ሸሽቷል። መረቤ በሁለቱ ጉቶዎች መካከል እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ አየር ላይ ተንጠልጥሏል። ውስጡ የደረቁ ቆሮሶዎች አሉ፣ ዓይናቸውን አሞራ አውጥቶታል። አንድ እርኩም ከመረቡ ሥር ቆሞ እንደ ዳኛ ያየኛል። ታንኳዋ ዘንድ ስሄድ ደግሞ አጠገቧ ሦስት ላሞች ቆመዋል። ደንገል ከብት እንደሚበላ ታውቃለህ? እኔ አላውቅም ነበር። ከአፍንጫዋ ጀምረው እስከ ወገቧ ድረስ ቆርጥመዋታል፤ የቀረው ካስማውና የታሰረበት ገመድ፣ ከገመዱም ጋር የተቋጠረ የታንኳ ጭራ ነው። ላሞቹን የሚጠብቀው ልጅ በቁም ነገር «ጋሼ፣ ድርቆሽ መስሎን ነው» አለኝ።

አሁን እዚህ ላይ ስለ አንድ ቢሮ ልናገር ነው። የትኛው እንደሆነ አልጠራም። መረቡን ከመዘርጋቴ አስቀድሞ፣ ኅዳር ላይ፣ ሞኝ አይደለሁምና ውኃ የሚለቀቅበትን ጊዜ ልጠይቅ ሄጄ ነበር። በመጀመሪያው ቀን «የመጣኸው ለመስኖ ነው ለዓሣ?» አሉኝ። ለዓሣ ስል «የዓሣው ባለሙያ ስብሰባ ነው» ተባልኩ። በሁለተኛው ቀን የዓሣው ባለሙያ «የውኃው ጉዳይ የመስኖ ነው» አለ። በሦስተኛው ቀን የመስኖው ሰውዬ ከወረቀቱ ቀና ሳይል «ደብዳቤ አምጣ» አለ። ከማን? «ከሚመለከተው አካል።» በአራተኛው ቀን የትምህርት ቤቱን ማኅተም አስመትቼ ደብዳቤ ይዤ ስቀርብ አንብቦ ሳቀ፤ «መምህር፣ ዓሣ ለማጥመድ የውኃ ፕሮግራም ምን ያደርግልሃል? ዓሣው ውኃ ውስጥ ነው ያለው» አለኝና ደብዳቤዬን ፋይል ውስጥ ከተተው። ዓሣው ውኃ ውስጥ ነው ያለው! ጥር ላይ የተንጠለጠሉትን ቆሮሶዎች ሳይ በጆሮዬ የደወለው ይኸው ነበር። ሄጄ ነገርኩት ደግሞ። «ማን እዚያ ዘርጋ አለህ?» ነው ያለኝ። ደብዳቤው እስከ ዛሬ ያለመልስ እዚያው ተኝቷል።

መልሱን ያገኘሁት ከቢሮው ሁለት መቶ ሜትር በማይርቅ ጠላ ቤት ነው። መስኖው በብሎክ በብሎክ የተከፋፈለ ነው፤ ገበሬው ውኃ የሚያዳርስለት የውኃ አባት አለው። ከአንዱ የውኃ አባት ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን፣ ኀዘኔን ስነግራቸው ስለ ላሞቹ ሳቁ፤ ስለ በሩ ግን አልሳቁም። «ልጄ፣ ይህን እኮ ሕፃን ያውቀዋል» አሉና በአንድ ትንፋሽ ነገሩኝ፦ ስንዴው ሲዘራ፣ ሽንኩርቱ ሲተከል፣ ቦይ ሲጠረግ በሩ ሲዘጋ፣ የትኛው ብሎክ በየትኛው ቀን እንደሚጠጣ። ደብዳቤ አልጠየቁኝም። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ኅዳር ሲጋመስ ሰማዩን ሳይሆን እኒያን አባት ነው የማየው። አንተም መራዊ ስትወርድ መጀመሪያ ቢሮ አትግባ፤ የብሎኩን የውኃ አባት ጠይቅና ሂድ። እርስዎ በላቸው፣ ጠላውን አንተ ክፈል።

በሩ ሲከፈት ዓሣው ምን እንደሚሆን ደግሞ እነሆ፤ ቁጥሩን እንግዲህ ትቼዋለሁ። ውኃው በሸሸ ቁጥር አምባዛው ወደ ድሮው የቆጋ ወንዝ ቦይ ይሰበሰባል፤ ግድቡ ሳይሠራ ወንዙ የሚሄድበት የነበረው መስመር አሁን ከውኃው በታች እንደ ቦረቦር ተኝቷል። የት እንደሆነ ካርታ አያስፈልግህም፤ ስድሳ ዓመት ያለፈውን የአካባቢውን ሰው «ድሮ ከብት የምታጠጡት በየት በኩል ነበር?» ብለህ ጠይቅ፣ በከዘራው ያሳይሃል። እኔ ካወጣኋቸው ሁሉ ትልቁ አምባዛ ከዚያ ነው የወጣው። 6 ኪሎ ከሩብ። በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዬ ቤት ሳደርሰው ገና ይተነፍስ ነበር፤ አየር መሳብ ይችላልና ከውኃ ወጥቶ ቶሎ አይሞትም። ባለቤቴ ጆንያው ኩሽና ውስጥ ሲራመድ አይታ ጮኸች፣ ጎረቤት ተሰበሰበ። የመዘነው ባለ ሱቅ እስከ ዛሬ ምስክሬ ነው።

ቆሮሶው ደግሞ ሌላ ምሥጢር ትቶልሃል። ወንዱ ዳር ላይ ሥሩን እየጠረገ ክብ ጎጆ ይሠራል፤ ሴቷ እንቁላሉን እዚያ ጥላ መልሳ በአፏ ትይዘዋለች። ውኃው ሲሸሽ ጎጆዎቹ በጭቃው ላይ እንደ ምጣድ ተደርድረው ይቀራሉ። ያን ጥር በመረቤ ተናድጄ ስመለስ የረገጥኳቸው እነሱን ነበር፤ ምን እንደሆኑ እንኳ አላወቅኩም። አሁን ግንቦት ላይ ዝናብ ሳይጀምር በደረቁ ዳር በእግሬ እዞራለሁ፣ ምጣዶቹ የተሰበሰቡበትን በድንጋይ ቁልል ምልክት አደርጋለሁ፤ ግድቡ ሞልቶ ታኅሣሥ ሲደርስ ከዚያ አጠገብ ነው የምቀመጠው። ሌላው ሰው ዕድል ነው ይለኛል፤ ይበለኝ።

ልትሸጥ ካሰብክ አንድ ነገር ብቻ፦ ምግብ ቤቱ ፊሌቶ (ቆዳና አጥንቱ የወጣለት ሥጋ) ከጠየቀህ ዋጋህን በፊሌቶ ተናገር። 10 ኪሎ ቆሮሶ ተላጦ ከ3 ኪሎ ብዙም አይዘልም፤ እኔ በሙሉ ዓሣ ዋጋ ተስማምቼ ፊሌቶ ሳስረክብ አንድ ወር ከርሜአለሁ።

ታንኳዋ የታሰረችበት ካስማ አሁንም እዚያው አለ። አልነቀልኩትም፤ አንድ ክንድ ያህል ከመሬት ወጥቶ ይታያል፣ በቢላዋ አራት ቦታ ቀርጬበታለሁ። ግድቡ ጥቅምት ላይ ሲሞላ ጫፉ ብቻ ነው ከውኃው የሚወጣው። አራቱም ቅርጾች ከውኃ ወጥተው ካገኘሃቸው በሩ በሰፊው ተከፍቷልና ዳር ላይ ጊዜህን አትፍጅ፤ ወደ ድሮው ወንዝ ሂድ። ገና ሁለቱ ብቻ ከወጡ ግን ከካስማው በስተግራ ሃያ እርምጃ ያህል ቁጠርና ተቀመጥ፣ ቀትር ላይ። ገመዱም እዚያው ላይ ነው፤ ጭራዋን ግን ላሞቹ በሚቀጥለው ሳምንት ጨርሰዋታል።