ቡችላን በገመድ ማለማመድ፦ ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ቡችላ ያስገቡ ቤተሰቦች ጥያቄ እንዲልኩልኝ ጋብዤ ነበር። የእንስሳት ሐኪም አይደለሁም፤ አዲስ አበባ ውስጥ ለዓመታት ውሾችን ከቡችላነታቸው ጀምሮ አሳድጌአለሁ።

ጥያቄ፦ የሁለት ወር ቡችላ አለኝ። አባቴ ሰንሰለት ግዛለት ይሉኛል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ አባትዎ የነገሩዎት የኖርንበትን ልማድ ነው፤ ለቡችላ ግን ሰንሰለት አይሆንም። ይከብደዋል፣ አንገቱንም ይልጠዋል። በደረቱ ዙሪያ የሚጠለቅ የጨርቅ ማሰሪያና ሁለት ሜትር የማይሞላ ቀላል ገመድ ይግዙለት። ገመዱ ከደረት ማሰሪያው ጋር ሲያያዝ፣ ቡችላው ቢጎትት እንኳ ጫናው ጉሮሮው ላይ አያርፍም። የአንገት ማሰሪያው ስልክ ቁጥርዎ የተጻፈበት ምልክት ይሸከም፤ ለዚያ ይበቃል። እየተዘረጋ ተመልሶ የሚጠቀለለውን ገመድ ለጀማሪ አልወደውም። ቡችላው በጎተተ ቁጥር መንገድ ስለሚረዝምለት መጎተትን ይማርበታል።

ጥያቄ፦ ልኩስ?

መልስ፦ በማሰሪያውና በገላው መካከል ሁለት ጣት ይግባ። ቡችላ ቶሎ ስለሚያድግ በየሳምንቱ ይፈትሹት።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ቡችላዬ ገመድ ሳስርላት መሬት ላይ ተለጥፋ አልነሣም ትላለች። ልጎትታት?

መልስ፦ እባክሽ ልጄ፣ አትጎትቻት። ውሻ ወደ ፊት ሲስቡት ወደ ኋላ ይታገላል፤ ፍርሃቷንም ታባብሺባታለሽ። መጀመሪያ ማሰሪያውን ብቻ አጥልቂላትና ምግቧን ስጫት፤ እየበላች ትረሳዋለች። ሁለት ሦስት ቀን እንዲህ ካደረግሽ በኋላ ገመዱን አያይዢውና ቤት ውስጥ ዓይንሽ እያያት እየጎተተችው ትዙር። ከዚያ ጫፉን ያዢ፣ ሁለት እርምጃ ራቅ ብለሽ ቁጭ በዪና በስሟ ጥሪያት። ስትመጣ እግርሽ ሥር ጣፋጭ ቁራሽ ስጫት። ዛሬ ሁለት እርምጃ የሆነው ነገ አምስት ይሆናል። መራመድ ስትለምድ ደግሞ ገመዱን ከወጠረችው ቀጥ ብለሽ ቁሚ፤ ሲላላ ብቻ ተራመጂ። አምስት ደቂቃ ይበቃታል፣ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ። የእኔዋ ከበረንዳው እስከ አጥሩ በር ለመድረስ ዘጠኝ ቀን ፈጅቶባት ነበር፤ ዛሬ ገመዷ እንደላላ ገበያ መሐል ታልፋለች።

ጥያቄ፦ ቤታችን ጾም ላይ ነው። ለማባበያ ምን ልስጠው?

መልስ፦ የራሱን ምግብ በጥቂት በጥቂቱ፣ ወይም የተቀቀለ ካሮትና ዱባ በትንንሹ ቆርጠው ይስጡት። ወጥ የነካው እንጀራ ግን አይስጡ፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ውሻን ይመርዛሉ። ዘቢብም እንዲሁ፤ ቆሎ ውስጥ ተቀላቅሎ ስለሚገኝ ልጆችን ያስጠንቅቁ።

ጥያቄ፦ መንገድ መቼ ይውጣ?

መልስ፦ ክትባቱን ሲጨርስ። የፓርቮ (ቡችላን በተቅማጥና በትውከት የሚጥል ተላላፊ በሽታ) እና የመሰል በሽታዎች ክትባት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ዕድሜው ይጀመርና በየጥቂት ሳምንቱ እስከ 16 ሳምንት ይደጋገማል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ወር ይሰጣል። ትክክለኛውን ቀን ሐኪሙ ይወስንልዎ። እስከዚያው አቅፈውት በር ላይ ይቁሙ፤ ባጃጁን፣ የትምህርት ቤት ልጆችን፣ የዝናቡን ድምፅ ይልመድ።

ጥያቄ፦ የመንደር ውሾች ቢከቡንስ?

መልስ፦ አይሩጡ፣ ድንጋይም አያንሡ። በእነርሱና በቡችላው መካከል ቆመው ቀስ ብለው ይራቁ። ከነከሱዎት ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ይጠቡ፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ጭረት ብቻ ቢሆንም ይሂዱ።