ከቦርዱ በላይ ምን አለ? ስለ ተንሸራታች በር ሀዲድ ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ሰሞኑን የደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ አንድ ነገር ይጠይቃሉ። ቤቱ ጠቧል፣ ግድግዳ ለመገንባት ቦታም ፈቃድም የለም፤ ስለዚህ ክፍሉን በተንሸራታች በር መክፈል ታስቧል። ሀዲዱ ኮርኒሱ ላይ ይታሰር ወይስ አይታሰር? አራቱን ደብዳቤዎች መርጫለሁ።

«ልደታ ኮንዶሚኒየም ስቱዲዮ ውስጥ እኖራለሁ። እናቴ ለሕክምና ከደብረ ማርቆስ መጥታ ከእኔ ጋር ስለምትቆይ ክፍሉን ለሁለት መክፈል ፈለግሁ። ከላይ ተንጠልጥለው የሚንሸራተቱ ሁለት የመስታወት በሮች አዝዣለሁ። ሠራተኛው ሀዲዱን ጂፕሰም ኮርኒሱ ላይ በቢራቢሮ ፊሸር፣ ከቦርዱ ጀርባ ክንፉን በሚዘረጋ ማያዣ፣ አስረዋለሁ ይላል። ይይዛል ወይ ጋሼ?»

አይይዝም ልጄ። ሥራው ከተጀመረም ዛሬውኑ አስቁሚው።

መጀመሪያ ክብደቱን እናስላ። 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው መስታወት በካሬ ሜትር 25 ኪሎ ይመዝናል። ወርዱ 90 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 2 ሜትር ከ10 የሆነ አንድ በር 47 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ሁለቱ ከነሀዲዳቸውና ከነኩሽኔታቸው አንድ ኩንታል ይሞላሉ። አንድ ኩንታል ጤፍ ኮርኒስ ላይ ሰቅለሽ እናትሽን ከሥሩ ታስተኛለሽ? ያውም ጤፉ ከተሰቀለበት አይነቃነቅም፤ በሩ ግን ይሄዳል፣ ጫፍ ሲደርስም ይጋጫል። ከፍተሽ ሁለቱን በአንድ ወገን ስትደራርቢያቸው ደግሞ ኩንታሉ በሙሉ ከአንድ ሜትር በማይበልጥ ሀዲድ ላይ ያርፋል።

ሠራተኛሽ የሚተማመነው በፊሸሩ ጥንካሬ ነው። ፊሸሩ አይሰበርም፤ የሚሰበረው ቦርዱ ነው። ጂፕሰም ቦርድ በሁለት ወረቀት መካከል የደረቀ የጂፕሰም ሊጥ ነው፤ ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ12 ሚሊ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ዕቃ ፊሸሩን ወደ ጎን ይጫነዋል፤ ኮርኒስ ላይ የተሰቀለ ግን ቀጥ አድርጎ ወደ ታች ይነቅለዋል። ከላይኛው ቤት ሻወር ትንሽ ውኃ ከሰረገማ ቦርዱ ይላሽቃል። የተሰቀለበት ቀጭን ላሜራና ሽቦም የተሠራው ቦርዱን ራሱን እንዲሸከም ብቻ ነው።

ከቦርዱ በላይ ያለውስ? በብዙ ኮንዶሚኒየሞች ሶሌታው፣ ማለትም የላይኛው ቤት ወለል የሆነው ኮንክሪት፣ ድፍን አይደለም። ተዘጋጅተው የመጡ ጠባብ የኮንክሪት ቢሞች ተደርድረው በመካከላቸው ብሎኬት ይገባና ከላይ ስስ ኮንክሪት ይፈስበታል። ብሎኬቱ ውስጡ ባዶ ስለሆነ ብሎን አይጨብጥም። ቢሙ ይጨብጣል፤ ነገር ግን ፌሮው ያለው ግርጌው ላይ ነው፣ ትራፓኖው የሚገባውም ከዚያው ነው። የጎረቤትሽ ወለል የተሸከመበትን ፌሮ መቁረጥ በምንም መልኩ አይፈቀድም።

ስለዚህ ምክሬ፦ አትስቀይው። ለዚህ ሥራ ሁለት አማራጭ አለሽ። አንደኛው፣ ኩሽኔታው ከበሩ ሥር ሆኖ ወለል ላይ የሚንከባለል በር ነው፤ የላይኛው ሀዲድ በሩ እንዳይወድቅ ይመራዋል እንጂ ክብደት አይሸከምም። ሁለተኛው፣ በሁለቱ ግድግዳዎች ሥር የቱቦላሬ፣ ማለትም ውስጡ ባዶ የሆነ ባለ አራት ማዕዘን ብረት፣ ቋሚ አቁሞ ከላይ በአግዳሚ ማገናኘት ነው። ቋሚዎቹ ግድግዳው ላይ የሚታሰሩት እንዳይወላገዱ ያህል ነው፤ ክብደቱ የሚወርደው ወደ ወለሉ ነው። አግዳሚው 80 በ40 ቱቦላሬ ከሆነ ሰፊው ጎኑ መቆም አለበት። ተኝቶ ከተበየደ ሦስት እጥፍ ያህል ይረግባል፤ በዚህ ስህተት ምክንያት መሐሉ ላይ የሚነክስ በር ስንት ጊዜ አይቻለሁ።

እናትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ።

«ቢሯችን ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ ባለ ሕንፃ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሶሌታው ድፍን ኮንክሪት ነው፤ የቦርዱ ኮርኒስ ግን ከእሱ 60 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ነው የተሰቀለው። የስብሰባ አዳራሹን በአራት የእንጨት ፓነሎች ለመክፈል ምን ይሻላል?»

የእርስዎ ጉዳይ መስቀል የሚቻልበት ነው፤ የሚሰቀለው ግን ከሶሌታው ላይ ነው። ሶሌታው ውስጥ የሚሰፋ የብረት ብሎን ይቀበራል፤ ከእሱ ዳር እስከ ዳር ጥርስ የወጣለት ዘንግ ይወርዳል፤ ዘንጎቹ ቱቦላሬ ይይዛሉ፤ ሀዲዱ ቱቦላሬው ላይ በብሎን ይታሰራል። ቦርዱ በዙሪያው ተቆርጦ ይጠጋል እንጂ ምንም አይሸከምም። 60 ሳንቲ ሜትር የወረደ ዘንግ ብቻውን ዥዋዥዌ ይሆናል፤ ስለዚህ በአንጎላሬ፣ ማለትም በማዕዘን በታጠፈ ብረት፣ አግድም እየተሰያየፈ መወጠር አለበት። ፓነሎቹ ተደራርበው በሚቆሙበት ጫፍ ዘንጎቹን ያቀራርቧቸው፤ አራቱም የሚያርፉት እዚያ ነው።

የተበሳው ቀዳዳ አቧራው ተነፍቶ ካልወጣ ብሎኑ አይጨብጥም። የፕላስቲክ ፊሸር ለዚህ አይሆንም፤ እሳት ቢነሳ ቀልጦ ይለቃል። ከሁሉ በፊት ደግሞ የሕንፃውን ባለቤት የስትራክቸር ፕላን ይጠይቁ። ሶሌታው በተወጠረ የብረት ገመድ የተሠራ ከሆነ፣ ገመዱ የት እንደሚያልፍ መሐንዲስ ሳያሳይ አንድም ቀዳዳ አይብሱ።

«ፒያሳ የቆየ ቤት ውስጥ ሱቅ አለኝ። ኮርኒሱ ሞራሌ ላይ የተመታ ቺፑድ ነው። ቀለል ያለ የጨርቅ ፓነል ሀዲድ ይችላል?»

ጨርቅ ከሆነ ይችላል። ሀዲዱ ቺፑዱ ላይ ሳይሆን ሞራሌው ላይ በብሎን ይታሰር፤ ሚስማር እየላላ ይወጣል። የሚስማሮቹን ረድፍ በማግኔት ሲከተሉ ሞራሌው ያለበትን ያገኙታል። አንድ ቦታ ከፍተው ምስጥ እንዳልበላው ሳያዩ ግን አይጀምሩ።

«ካዛንቺስ ነው ቤታችን። ከሁለት ወር በፊት ጂፕሰም ኮርኒስ ላይ የተሰቀለልን የመስታወት በር አሁን በራሱ እየተንሸራተተ ይከፈታል፤ በአንዱ ጫፍም ወለሉን መፋቅ ጀምሯል። ከሥሩ ቢቆረጥ ይስተካከላል?»

በሩ በራሱ ከሄደ ሀዲዱ በውኃ ልክ አልተስተካከለም ማለት ነው፤ ይህ ብቻውን ቢሆን አያስፈራም። ቀድሞ የማይፋቅ በር መፋቅ ከጀመረ ግን ሀዲዱ እየወረደ ነው። ከዓመታት በፊት እሠራበት በነበረ አንድ መሥሪያ ቤት የእንጨቱ ፓነል በሰኔ ወለሉን መፋቅ ጀመረ። አናጢ ተጠርቶ ግርጌውን በመላጊያ ላገው፤ ሁላችንም ተስተካከለ ብለን ዝም አልን። በነሐሴ አንድ ሌሊት ከነሀዲዱና ከነቦርዱ ጠረጴዛዬ ላይ ወድቆ አገኘሁት። ቀን ቢሆን ኖሮ እዚያ የምቀመጠው እኔ ነበርኩ፤ እስከ ዛሬ ሳስታውሰው ይዘገንነኛል።

በሩን ዛሬውኑ አውርዱት፤ ልጆችም ከሥሩ አይለፉ። ሲወርድ ሁለት ጎልማሳ ሰዎች ይያዙት፤ ሦስተኛው ኩሽኔታውን ይፍታ። ከማስቀመጣችሁ በፊት ወለሉ ላይ እንጨት ወይም ወፍራም ካርቶን አንጥፉ። በሙቀት የጠነከረው ቴምፐርድ መስታወት ማዕዘኑ ሴራሚክ ከነካ ሙሉ በሙሉ ሊፈረካከስ ይችላል።