ለልጆች የ«ዓለም በሮች» ሥራ፦ አንድ በር ይበቃል

እህቴ፣ ከ7 እስከ 10 ዓመት ለሆኑ ልጆች በክረምት ትምህርት የዓለም በሮችን የሚያሠራ የሥዕል ፕሮግራም አስበሽ፣ የትኞቹን አገሮች ብመርጥ ይሻላል፣ በጥቂት ዕቃስ እንዴት ይሠራል ብለሽ ጠይቀሻል። ሥነ ጥበብ አስተምራለሁ፤ ይህንንም ሥራ ደጋግሜ አሠርቼዋለሁና የታዘብኩትን ልንገርሽ።

በመጀመሪያ የዘረዘርሻቸውን ዐሥር አገሮች ተያቸው። በአንድ ከሰዓት ከቻይና ወደ አየርላንድ፣ ከአየርላንድ ወደ ሞሮኮ የሚሮጥ ልጅ መጨረሻ ላይ የሚሠራው ያንኑ አራት ማዕዘን ነው፤ ቀለሙን ብቻ ይቀያይራል። አንድ በር ያዢና እሱን አሳዪ። እኔ የምመርጠው የዛንዚባርን ነው።

ፎቶ ከማሳየትሽ በፊት ግን ባዶ ወረቀት አድዪና «በር ሳሉ» በያቸው። አብዛኞቹ ክብ እጀታ ያለው የእንጨት በር ይስላሉ። «የቤታችሁ በር እንዲህ ነው?» ስትያቸው እርስ በርስ ይተያያሉ። ቤታቸው ያለው የቆርቆሮ ወይም የብረት በር ነው፣ የሚዘጋውም በመቀርቀሪያ ነው፤ የሳሉት ከተረት መጽሐፍ ላይ ያዩትን ነው። እንግዲያው የቤት ሥራ ስጪ፦ መቃኑን፣ ጉበኑን፣ ማጠፊያውንና መቀርቀሪያውን አይተው፣ በእጃቸው ዳስሰው ይምጡ። የሠፈራችን በያጆች በግቢ በር ላይ የሚያወጡትን አበባና ጨረር ልጆቹ ልብ ብለው የሚያዩት ያኔ ነው።

በማግስቱ ወደ ዛንዚባር ሂጂ። እ.ኤ.አ. በ2000 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የስቶን ታውን አሮጌ ከተማ በሮች ባለ ሁለት ተካፋች ናቸው፤ መቃናቸው ዙሪያውን በቅርጽ የተሞላ ነው። ጉበኑ ቀጥ ያለ ከሆነ የዓረብ፣ በቅስት የተሠራ ከሆነ ደግሞ የሕንድ እጅ ይታይበታል። ሰንሰለት፣ ዓሣ፣ የተምር ዛፍና የሎተስ አበባ ፈልገው ያግኙ። መዝጊያው ላይ የተደረደሩትን ሾጣጣ የናስ ጉጦች ለመጨረሻ አቆዪ። ልማዱ ከሕንድ የመጣ ነው፤ እዚያ የጦር ዝሆን በሩን በግንባሩ ገፍቶ እንዳይሰብር ይደረግ ነበር ይባላል። ዛንዚባር ደሴት ላይ ዝሆን የለም። «ታዲያ ለምን ሠሩት?» ማለታቸው አይቀርም፤ ቶሎ አትመልሺ፣ ይከራከሩበት።

ዕቃው ቀላል ነው፦ አሮጌ ካርቶን፣ ሲባጎ፣ ኮላ፣ ምግብ የሚጠቀለልበት የአሉሚኒየም ወረቀት፣ ጥቁር የጫማ ቀለም። ልጁ ንድፉን ካርቶኑ ላይ በእርሳስ ያወጣል፣ መስመሩን ተከትሎ ሲባጎውን በኮላ ይለጥፋል፤ ለጉጦቹ ትንንሽ የካርቶን ክቦችን ደራርቦ ይጣብቃል። (ምስርና ሽምብራ የሚያስለጥፉ መምህራን አሉ፤ እኔ እህል በኮላ ሲለወስ ማየት አልወድም።) ኮላው ሲደርቅ የአሉሚኒየም ወረቀቱን ያለብሰውና ከመሃል ወደ ዳር በጣቱ ቀስ እያለ ይጫናል፤ በጥፍሩ ከነካው ይቀደዳል። ከዚያ የጫማ ቀለም በጨርቅ ቀብቶ ወዲያው መወልወል ነው። ጥቁሩ በጎድጓዳው ውስጥ ይቀራል፣ ከፍ ያለው ያበራል፤ ያ ካርቶን የመቶ ዓመት በር ይመስላል። መስኮት መክፈት አትርሺ፣ ሽታው ይከብዳል።

ሁለቱን ተካፋቾች በውጭ ጠርዛቸው ብቻ በጨርቅ ፕላስተር ከሌላ ካርቶን ጋር አያይዣቸው፤ በእርግጥ መከፈት አለባቸው። ከበስተጀርባ ያለውን እያንዳንዱ ልጅ በራሱ ይሳል፣ አንቺ ሐሳብ አትስጪ። አንዲት ተማሪዬ የአክሱም ሐውልቶች ግርጌ ላይ በድንጋይ የተቀረጸውን በር አስታውሳ «የእኔ አይከፈትም» አለችና በኮላ ዘጋችው። ከሁሉም ሥራዎች ይበልጥ የሚታወሰኝ የእሷ ነው።

ጊዜ ከተረፈሽ የኢራንን ድሮ በሮች ጨምሪ። ሁለት ማንኳኪያ አላቸው፤ ወንድ እንግዳ የሚያንኳኳበት ከባድ ብረትና ሴት የምታንኳኳበት ቀጭን ቀለበት፤ የመጣው ማን እንደሆነ በድምፁ ይለያል። ልጆቹ ዓይናቸውን ጨፍነው በማንኪያና በቁልፍ ይሞክሩት።

ለ7 ዓመቶቹ ካርቶኑን አስቀድመሽ ቁረጪላቸው፣ የጫማ ቀለሙንም አንቺ ቀቢላቸው፤ እነሱ ይወልውሉ።