የአየር ንብረት ቀጠናን በኔትወርክ ለምታጠናው እህቴ

እህቴ፣ የዓለም ሙቀት መጨመር ቆላና ደጋችንን እንዴት እየለወጠ እንደሆነ በኔትወርክ ሳይንስ ለማጥናት አስበሽ «ከየት ልጀምር?» ብለሽ ጠይቀሻል። የማስተርስ ጽሑፌ እዚሁ ላይ ስለነበር ያየሁትን ልንገርሽ። መነሻውን ስለምታውቂው ባጭሩ ልበል፦ ካርታው ላይ ያለ እያንዳንዱ ቦታ አንድ ነጥብ ነው፤ ሙቀታቸው አብሮ የሚወጣና የሚወርድ ነጥቦች በመስመር ይገናኛሉ፤ እርስ በርስ በብዛት የተገናኙት ቡድን አንድ የአየር ንብረት ቀጠና ይሆናል።

1. የአየር ሁኔታ መለኪያ ጣቢያ መረጃ እየጠበቅሽ ጊዜሽን አትግደይ። እኔ ደብዳቤ ይዤ አንድ መሥሪያ ቤት ተመላለስኩ። አንዴ ማኅተሙ ደብዝዟል፣ አንዴ ፈራሚው ስብሰባ ላይ ናቸው። በመጨረሻ ሰውዬው ቀና ብለው እንኳ ሳያዩኝ «ለተማሪ አንሰጥም» አሉኝ። አሁንም ያናድደኛል። በሕዝብ ገንዘብ የተለካ ዝናብ ነው እኮ! ኢአርኤ5ን (ERA5፣ ልኬትንና የኮምፒውተር ሞዴልን አጣምሮ የዓለምን ያለፈ አየር ሁኔታ የሚሰጥ የመረጃ ስብስብ) በነፃ አውርጂ። እ.ኤ.አ. ከ1979 ወዲህ ያለው፣ ሳተላይት በደንብ ስለገባበት፣ ለእኛ አካባቢ የተሻለ ነው።

2. ላፕቶፕሽ እንዳይጨናነቅ ብለሽ ባለ 2.5 ዲግሪ ግሪድ (ካርታውን በሳጥን የሚከፋፍል መረብ) አትውሰጂ። ደጋው ደብረ ብርሃንና የአፋር ቆላው ገዋኔ አንድ ሳጥን ውስጥ ይገባሉ፤ አማካዩ ደጋም ቆላም አይሆንም። 0.25 ዲግሪውን ውሰጂና የአፍሪካ ቀንድን ብቻ ቁረጪ። ዓለምን በሙሉ ካልሽ ከ1 ሚሊዮን በላይ ነጥብ ነው።

3. ዋናው ይሄ ነው። ነጥቦቹን በሙቀት ኮሪሌሽን (ሙቀታቸው ምን ያህል አብሮ እንደሚለዋወጥ በሚያሳይ ቁጥር) ከማገናኘትሽ በፊት ከእያንዳንዱ ወር የዚያን ወር የብዙ ዓመት አማካይ ቀንሺ። አማካሪዬ «አያስፈልግም» ብለው ሞግተውኝ ነበር። አማካዩ ተቀንሶም ሳይቀነስም የወጡትን ሁለት ካርታዎች አትሜ ጠረጴዛቸው ላይ ጎን ለጎን ዘረጋኋቸው። ሐምሌ ላይ ጅቡቲ ትነዳለች፣ አዲስ አበባ ደመናና ዝናብ ውስጥ ናት። ሳይቀነስ የወጣው ኔትወርክ የትኛው ቦታ በየትኛው ወር እንደሚሞቅ ብቻ ነበር የሚያሳየው። እሱንማ ማንም ገበሬ ያውቀዋል! ዝም ብለው ካዩት በኋላ «ቀጥል» አሉኝ። የማስተርስ ጽሑፌን ስከላከል ከውጭ የመጡት ፈታኝ መጀመሪያ የጠየቁኝም ይህንኑ ነበር። መልሱ እጄ ላይ ነበር፤ እስከ ዛሬ እኮራበታለሁ።

የሙቀት መጨመሩ ራሱም ያታልላል። ሁለት የማይገናኙ ቦታዎች አብረው እየሞቁ ከሄዱ የተሳሰሩ ይመስላሉ። ስለዚህ እ.ኤ.አ. 1981–2000ን እና 2001–2020ን ለየብቻ ያዢ። በየራሳቸው ውስጥ የሙቀት ጭማሪውን ቀንሰሽ አስወግጂና ሁለት ኔትወርክ ሥሪ። የመስመሮቹን ብዛት በሁለቱም እኩል አድርጊ፤ አለዚያ ንጽጽሩ አያስኬድም። ከዚያ ሉቫንን (Louvain፣ በብዛት የተገናኙ ነጥቦችን በቡድን የሚከፍል የኮምፒውተር ስልት) ደጋግመሽ አስኪጂ፤ ውጤቱ በየጊዜው ትንሽ ይለያያል። በየዙሩ አብረው የሚቆዩትን ነጥቦች ብቻ እመኚ። በሁለቱ ዘመናት መካከል ከአንዱ ቡድን ወደ ሌላው የተሻገሩትን ደግሞ ከፍታ ካርታ ላይ አስቀምጫቸው። የጥናትሽ ልብ እዚያ ነው።

ኮዱን ከፈለግሽ በውስጥ ጻፊልኝ፣ እልክልሻለሁ።