ማራገቢያውን የሚያጠፋው ባለቤቴ

ይድረስ ለምክር አምዱ አዘጋጅ፤

ትዕግሥቴ ቢያልቅ ነው የምጽፈው። እኔና ባለቤቴ ጡረታ ከወጣን ይህ ሦስተኛው በጋ ነው። ከሰዓት በኋላ ቤቱ ምድጃ ይሆናል፤ ያለን ደግሞ አንድ ማራገቢያ ነው። እሱ ስልክ በጠራ ቁጥር ተነሥቶ ያጠፋዋል፣ መስኮቱንም ይዘጋል። እኔ በአሮጌ ጋዜጣ ፊቴን እያራገብኩ እቀመጣለሁ። ስከፍተው ያጠፋል፣ ሲያጠፋው እከፍታለሁ፤ ባለፈው ማክሰኞ 6 ጊዜ ቆጥሬያለሁ። 41 ዓመት አብረን ኖረን በማራገቢያ እንጣላለን ብዬ አስቤ አላውቅም።

ማራገቢያው ብቻ ቢሆን በቻልኩት። ወንድ ልጃችን ሲደውል ግማሽ ሰዓት ያወራል፤ ሴቷ ስትደውል ግን "ደህና ነን፣ ደህና ነን" ብሎ ስልኩን ለእኔ። "አባዬ ተቀይሞኛል እንዴ?" ብላ አልቅሳለች። የ6 ዓመቷ የልጅ ልጃችን ጥርሷ መውለቁን ልትነግረው ጓጉታ ብትጠብቅ፣ "ጎበዝ፣ በርቺ" ብሏት እርፍ። ዘመድ ሲሰበሰብ ጨዋታውን ይመራ የነበረ ሰው አሁን ጓሮ ገብቶ አትክልት ያጠጣል። የልጃችንን የሥራ ዝውውር ከወጥ ቤት ሆኜ ሦስቴ ነግሬው "ማን ነገረኝ?" ይላል፤ "አታጉረምርሚ" ብሎም ይጨምርልኛል።

አሁን ሴት ልጃችን ሁለተኛዋን ልትወልድ ነው፤ "እማዬ፣ መጥተሽ ሰንብቺ" ብላኛለች። እውነቱን ልናገርና፣ ከሄድኩ የምመለስ አይመስለኝም። ትቼው ብቀር ኃጢአት ይሆንብኛል?

ሙቀት ያንገሸገሻት

መልስ፦

እኔ የጥርሷ ነገር ላይ ቆሜ ቀረሁ። ልጅ "ጥርሴ ወለቀ" ስትለው "ጎበዝ፣ በርቺ" የሚል አያት፣ ያለችውን አልሰማም። ገመተ። ለሕፃን ሁሌ የሚባለውን ብሎ አመለጠ።

ባለቤትዎ ለልጆቻቸው አያዳሉም፤ የሚያዳላው ጆሯቸው ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። መስማት በዕድሜ ሲደክም ቀድሞ የሚሄደው ቀጭኑ ድምፅ ነው፤ የሴትና የሕፃን ድምፅ። የወንዱ ወፍራም ድምፅ ይደርሳቸዋል። ከቃል ውስጥ እነ "ስ" እና "ፍ" ሲጠፉ ደግሞ ሰው ሁሉ የሚያጉረመርም ይመስላል። ማራገቢያው የቀረችውን ድምፅ ይሸፍንባቸዋል። ጓሮ የሚገቡትም አሥር ሰው አንድ ላይ ሲያወራ ማን ምን እንዳለ መለየት ስለሚያቅት ይሆናል፤ ያለ ቦታው ከመሳቅ አትክልት ማጠጣት ይሻላል። የዓለም ጤና ድርጅት ዕድሜያቸው ከ60 በላይ ከሆነ ሰዎች ከ25 በመቶ የሚበልጡት ኑሮን የሚያውክ የመስማት ችግር አለባቸው ይላል። ቢሆንም "አልሰማሁም" ማለት ለብዙ ወንድ "አረጀሁ" ማለት ነውና አፋቸው አይናገረውም።

እዚህ ላይ ለሁለታችሁም እኩል ልፍረድ ብል እዋሻለሁ። እኛም ቤት አባታችንን "ኮርቶብን ነው" እያልን ስንት ዓመት ተቀይመነዋል። ስለዚህ ትንሽ ልቆጣዎት። ማራገቢያው ስንት ጊዜ እንደጠፋ ቆጥረዋል፤ ለምን እንደሚጠፋ አንድ ቀን ጠይቀዋል? ከወጥ ቤት ሆኖ ሦስቴ መጮህስ ነገርኩት ያሰኛል? ፊታቸው ቁጭ ብለው፣ ከንፈርዎን እንዲያዩ አድርገው፣ ረጋ ብለው ይንገሯቸው። መጮህ አይረዳም፤ ድምፁን ያዛባዋል እንጂ።

የጆሮ ሐኪም ዘንድ ይዘዋቸው ይሂዱ። አንዳንዴ የተጠራቀመ ኩክ ብቻ ሆኖ ይገኛል፤ ተጠርጎ ያልቃል። ለመስማት የሚያግዝ መሣሪያ ከታዘዘላቸው ግን መጀመሪያ ላይ የሳህን ኳኳታ ሳይቀር ያስመርራቸዋል፤ አእምሮ እስኪለምደው ሳምንታት ይፈልጋል። ያኔ መሳቢያ ውስጥ ወርውረውት እንዳይቀሩ አደራ። (መስኮት በተዘጋበት ሙቀት መቀመጡን ለእርስዎም አልወደድኩት። በዕድሜ የጥማት ስሜትም ይደክማል፤ ሳይጠማዎት ውኃ ይጠጡ።)

ልጅዎ ዘንድ መሄዱንማ ይሂዱ፣ አራስ እናቷን ትፈልጋለች። ስለ መቅረቱ ግን ሳያስመረምሯቸው አይወስኑ፤ ባልሰማ ሰው ላይ መፍረድ ነው። ከሆነልዎት ደግሞ ሁለት ሆናችሁ ሂዱ።

ዛሬውኑ ለሴት ልጅዎ ይደውሉላትና አባቷ እንዳልተቀየማት ይንገሯት። ስልኩን ለእሳቸው ከመስጠትዎ በፊት ግን ማራገቢያውን እርስዎ ያጥፉት።