ሐዲዱ ልክ ነው፤ ባቡሩ ለምን አይሄድም?

ጥያቄ፦ የምኖረው ጀርመን ነው። ልጄ ማርክሊን የተባለው የጀርመን ድርጅት የሚሠራው የመጫወቻ ባቡር ሐዲድ አለው። የእንግሊዙ ሆርንቢ ድርጅት የሠራው ያገለገለ የመጫወቻ ባቡር ገዛሁለት፤ ሐዲዱ ላይ ልክ ቢገባም አልንቀሳቀስ አለ። ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንዳይጥሉት! የሁለቱም ሐዲድ ስፋት 16.5 ሚሊሜትር ነው፤ የሚለያዩት በኤሌክትሪኩ ነው። የማርክሊንን ሐዲድ ጠጋ ብለው ይዩት፤ መካከሉ ላይ የተደረደሩ ጥቃቅን የብረት ነጥቦች አሉ። የማርክሊን ባቡር ከሆዱ ሥር ባለው ተንሸራታች ብረት ኃይል የሚቀበለው ከእነዚህ ነው። ሆርንቢ ግን የኤሌክትሪኩን አንዱን ጫፍ ከግራ፣ ሌላውን ከቀኝ ሐዲድ ይፈልጋል፤ እዚህ ሁለቱ ሐዲዶች እርስ በርስ የተገናኙ ስለሆኑ ምንም አያገኝም። የማርክሊንን የቆየ ትራንስፎርመር አደራ አያገናኙለት፤ ተለዋዋጭ የኤሌክትሪክ ኃይሉ (ኤሲ) የሆርንቢን ሞተር ሊያቃጥለው ይችላል። እኔ ብሆን ያገለገለ የሆርንቢ ሐዲድ ከነመቆጣጠሪያው እገዛለት ነበር። ከእውነተኛ ባቡር አንጻር ያላቸው ልኬትም ሆርንቢ 1፡76፣ ማርክሊን 1፡87 ስለሆነ አንድ ላይ ሲቀጠሉ አያምሩም።