የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ለሦስት የውድድር ዘመን ብቻ የተጫወተው ቶኒ ደንጂ እንዴት ታላቅ አሰልጣኝ ሆነ?

ጥያቄ፦ ክቡራን አዘጋጆች፣ የምኖረው በሚኒሶታ ግዛት፣ በሴንት ፖል ከተማ ነው። ልጄ ለትምህርት ቤቱ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ይጫወታል፤ እኔ ግን ስለ ጨዋታው የማውቀው ኳሱ ሞላላ መሆኑን ብቻ ነው። የልጄ አሰልጣኝ ወላጆችን በሰበሰቡ ቁጥር ቶኒ ደንጂ የተባለውን አሰልጣኝ በምሳሌነት ያነሣሉ፤ የተማረውም እዚሁ በእኛ ግዛት ዩኒቨርሲቲ ነው ይላሉ። ሰውየው በተጫዋችነት የቆየው ለሦስት የውድድር ዘመን ብቻ መሆኑን ስሰማ ገረመኝ። ይህን ያህል አጭር ጊዜ የተጫወተ ሰው እንዴት ለእንዲህ ያለ ክብር በቃ?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ የልጅዎ አሰልጣኝ የመረጡት ምሳሌ ተገቢ ነው። እኛ እንደምናየው ደግሞ ደንጂን አሰልጣኝ ያደረገው ያ አጭርና የተቆራረጠ የተጫዋችነት ዘመን ራሱ ነው።

ደንጂ እ.ኤ.አ. በ1955 በሚሺጋን ግዛት፣ በጃክሰን ከተማ ከመምህራን ቤተሰብ ተወለደ። አባቱ በከተማዋ ኮሌጅ ሳይንስ፣ እናቱ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ያስተምሩ ነበር። ኋላ ላይ ሜዳ ዳር ቆሞ የሚጮህ ሳይሆን ረጋ ብሎ የሚያስረዳ አሰልጣኝ በመባል የታወቀ ሰው በመሆኑ፣ ይህን ሳናነሣ ማለፍ አልወደድንም።

ከ1973 እስከ 1976 ለሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የተጫወተው በኳርተርባክነት ነበር። ኳርተርባክ ኳሱን ተቀብሎ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ የተከላካዮቹን አሰላለፍ አንብቦ ለማን እንደሚወረውር የሚወስን የአጥቂው ክፍል መሪ ነው። ደንጂ ትምህርቱን ሲጨርስ በዩኒቨርሲቲው ታሪክ በርካታ የቅብብል ክብረ ወሰኖችን ይዞ ነበር። ሆኖም በ1977 ሙያተኛ ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን ሲመርጡ ስሙን የጠራ አንድም ቡድን አልተገኘም። ጥቁር ኳርተርባኮችን ወደ ሌላ የሜዳ ቦታ ማዛወር በዚያ ዘመን የተለመደ ነበርና፣ በመጨረሻ ያስፈረመው የፒትስበርግ ስቲለርስ ቡድንም መጀመሪያ ኳስ ተቀባይ፣ ቀጥሎም የኋላ ተከላካይ አደረገው።

ነገሩ የሚገለጠው እዚህ ላይ ነው። ለዓመታት ተከላካዮችን ሲያነብ የኖረው ወጣት አሁን ከኋላ ቆሞ ኳርተርባኮችን ማንበብ ጀመረ፤ በፍጥነትም በጉልበትም ከሌሎች ስለማይልቅ መብለጥ የሚችለው ቀድሞ በመገመት ብቻ ነበር። በ1977 ከሂዩስተን ጋር በተደረገ ጨዋታ ሁለቱም የፒትስበርግ ኳርተርባኮች ሲጎዱ በድንገት ወደ ድሮ ቦታው ተመለሰና፣ በአንድ ጨዋታ ውስጥ እርሱም የተቃራኒን ኳስ ጠለፈ፣ እርሱ የወረወረውም ኳስ ተጠለፈ። በቀጣዩ ዓመት ስድስት ኳሶችን በመጥለፍ ከቡድኑ አንደኛ ሆነ፤ በጥር 1979ም ፒትስበርግ ዳላስን 35 ለ 31 ሲረታ የሱፐር ቦውል (የሙያተኞቹ ሊግ የፍጻሜ ጨዋታ) አሸናፊ ለመሆን በቃ። ከዚያ በኋላ ግን ለሳን ፍራንሲስኮ ተላለፈ፤ ከአንድ የውድድር ዘመን በኋላ የወሰደው የኒው ዮርክ ጃየንትስም ውድድሩ ሳይጀመር አሰናበተው። የተጫዋችነት ሕይወቱ ሲያበቃ ገና 25 ዓመት አልሞላውም።

በዚያው በ1980 በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ረዳት አሰልጣኝ ሆነ። በ1981 የቀድሞ አሰልጣኙ ቸክ ኖል ወደ ፒትስበርግ ጠሩት፤ በ28 ዓመቱም የቡድኑን የመከላከል ክፍል በኃላፊነት መምራት ጀመረ። ከዚያ በኋላ ያለው የጥበቃ ታሪክ ነው። በ1989 ወደ ካንሳስ ሲቲ ሲሄድ በማዕረግ ዝቅ ብሎ የኋላ ተከላካዮች አሰልጣኝ ሆነ፤ በ1992 እርስዎ በሚኖሩበት ግዛት በዴኒስ ግሪን ሥር የቫይኪንግስን መከላከል ተረከበ፤ የታምፓ ቤይ ቡካኒርስ ዋና አሰልጣኝ የሆነው በ1996 ነው። ሊጉ ከ1920ዎቹ ወዲህ የመጀመሪያውን ጥቁር ዋና አሰልጣኝ አርት ሼልን ያየው በ1989 መሆኑን ስናስብ፣ ይህ ሁሉ ጥበቃ በችሎታ ማነስ የመጣ እንዳልሆነ ግልጽ ነው።

ልጅዎ ተከላካይ ከሆነ «ታምፓ ሁለት» የሚባለውን አሰላለፍ ሳይሰማ አይቀርም። ሁለቱ የኋላ ተከላካዮች የሜዳውን ጥልቅ ክፍል ግራና ቀኝ ይካፈሉታል፤ የመካከለኛው ተከላካይ ደግሞ ኳሱ ሊወረወር ሲል ወደ ኋላ ሮጦ በሁለቱ መካከል የሚቀረውን ክፍተት ይሸፍናል፤ ተጭኖ ኳርተርባኩን የማዋከቡ ሥራ ለፊተኞቹ አራት ይተዋል። ደንጂና ረዳቱ ሞንቲ ኪፊን በታምፓ ስም ያስጠሩት ይሁን እንጂ፣ መሠረቱ ደንጂ በተጫዋችነት የተማረው የፒትስበርግ ስልት ነው።

ጥያቄ፦ ታምፓን ያን ያህል ካሻሻለ ለምን ተባረረ? «የሩኒ ደንብ» የሚባለው የወጣው በእርሱ ምክንያት ነውን? (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

መልስ፦ ደንጂ ታምፓን ሲረከብ ቡድኑ በሽንፈት ብዛት የሚታወቅ ነበር፤ እርሱም ከመጀመሪያዎቹ ዘጠኝ ጨዋታዎች ስምንቱን ተሸነፈ። ስልቱን ግን አልቀየረም። በ1997 ቡድኑ ከ1982 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ጥሎ ማለፍ ገባ፤ በ1999 የውድድር ዘመን ወደ ሱፐር ቦውል ለመድረስ አንድ ጨዋታ ሲቀረው በሴንት ሉዊስ 11 ለ 6 ተረታ። ቀጥሎ በተከታታይ ሁለት ዓመት በፊላደልፊያ ተሸንፎ ከጥሎ ማለፉ ሲወጣ በሁለቱም ጨዋታዎች አንድም ተችዳውን (ኳሱን እስከ ተቃራኒው የሜዳ ጫፍ በማድረስ የሚገኝ ነጥብ) አላስቆጠረም፤ በጥር 2002ም ባለቤቶቹ አሰናበቱት። ውሳኔው የችኮላ ነበር ብንልም፣ በአጥቂው ክፍል ድክመት ማማረራቸው ከእውነት የራቀ አልነበረም። ተተኪው ጆን ግሩደን በአብዛኛው ደንጂ ባነጻቸው ተከላካዮች በዓመቱ ሱፐር ቦውልን አሸነፈ።

በዚያው ክረምት ሚኒሶታም ዴኒስ ግሪንን አሰናብታ ነበር። የሁለቱ ስኬታማ ጥቁር አሰልጣኞች ስንብት ብዙ ወቀሳ አስነሣ፤ ጠበቆቹ ጆኒ ኮክራንና ሳይረስ ሜህሪም በ2002 የጥቁር አሰልጣኞችን ቅጥር የሚመለከት ዘገባ አወጡ። ሊጉ በ2003 ሥራ ላይ ያዋለውና የፒትስበርጉን ባለቤት ዳን ሩኒን ስም የያዘው ደንብ ሲወጣ፣ ማንኛውም ቡድን ዋና አሰልጣኝ ሲቀጥር ቢያንስ አንድ የአናሳ ማኅበረሰብ ተወላጅ ለቃለ መጠይቅ እንዲጠራ ያስገድድ ነበር፤ በ2020 ቁጥሩ ወደ ሁለት ከፍ ብሏል። ስለዚህ የደንጂ ስንብት ብቸኛው ባይሆንም አንዱ ምክንያት ነበር።

ደንጂ ራሱ ሥራ ፈትቶ የቆየው ለቀናት ብቻ ነው። ኢንዲያናፖሊስ ኮልትስ ሲቀጥረው ድንቅ ኳርተርባክ ፔይተን ማኒንግን አገኘ፤ የማጥቃቱን ሥራም ከሚኒሶታና ከፒትስበርግ ጀምሮ ለሚያውቃቸው ለቶም ሙር ተወላቸው። በእኛ አስተያየት ከሥራዎቹ ሁሉ ብልሁ ይህ፣ ማለትም በሌላው ሙያ አለመግባቱ ነው። በ2006 የውድድር ዘመን የኮልትስ መከላከል ሮጠው የሚያጠቁ ቡድኖችን በመግታት ከሊጉ የመጨረሻው ነበር። አሰልጣኙ አዲስ ስልት አላመጣም፤ የነበረውን በትክክል እንዲሠሩ ደጋግሞ አስጠናቸው፤ ከጉዳት የተመለሰው የኋላ ተከላካይ ቦብ ሳንደርስም ረዳው። በጥሎ ማለፉ ካንሳስ ሲቲ ሮጦ ያገኘው 44 ያርድ ብቻ ነበር። ኒው ኢንግላንድን ደግሞ 21 ለ 3 ከመመራት ተነሥተው 38 ለ 34 አሸነፉ። የካቲት 4 ቀን 2007 እ.ኤ.አ. ማያሚ ላይ፣ በዝናብ፣ ቺካጎን 29 ለ 17 ሲረቱ ደንጂ ሱፐር ቦውልን ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር ዋና አሰልጣኝ ሆነ። የቺካጎው አሰልጣኝ ላቪ ስሚዝ በታምፓ ረዳቱ ነበር። ደንጂ በጥር 2009 ጡረታ ወጣ፤ በ2016 የፕሮ ፉትቦል የዝና አዳራሽ ተቀበለው።

ጥያቄ፦ ሱፐር ቦውልን በተጫዋችነትም በዋና አሰልጣኝነትም ያሸነፈ ሌላ ሰው አለ? (ከሴንት ፖሉ ጠያቂያችን)

መልስ፦ አለ። ከደንጂ በፊት ቶም ፍሎሬስና ማይክ ዲትካ፣ ከእርሱ በኋላ ደግሞ በ2018 ፊላደልፊያን ለድል ያበቃው ዳግ ፒደርሰን ናቸው። ፍሎሬስና ፒደርሰን በተጫዋችነት ሲያሸንፉ ተጠባባቂ ኳርተርባኮች ነበሩ፤ ከአራቱ በተጫዋችነቱ ለዝና አዳራሽ የበቃው ዲትካ ብቻ ነው።